የእናታችንን ሠርግ የበሉ ሽማግሌዎች

ራምኑስ፣ በሜታጌይትኒዮን ወር፣ ጨረቃ ልትሞላ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ረፋድ ላይ

ይድረስ ለተወደድከው ታላቅ ወንድሜ ለሊኮን፤ ሮም ላይ ጋዩስ ኦፒዩስ ሊኮን ተብለህ ለምትጠራው፣

በሰማይ አማልክት፣ በምድር ሽማግሌዎችና በተቀመጥኩበት በዚህ የወይራ ጉቶ ፊት አንድ ጥፋቴን በታላቅ ጸጸት እናዘዛለሁ። ይህ የምታነበው የፓፒረስ ቅጠል የእኔ አይደለም፤ የአባዬ ነው። ዐይኑ ስለደከመ ትናንት አስራ አንድ መስመር አስጽፎኝ ነበር። ዛሬ ጧት አስራ አንዱንም በእርጥብ ሰፍነግ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ የራሴን እየጻፍኩበት ነው። ሰፍነጉ በደንብ ያልደረሰበት ቦታ ካለ፣ ከእኔ ፊደል ሥር ደብዘዝ ብሎ የሚታይህ የአባዬ ቃል ነው። ለማንበብ አትድከም። "ቶሎ ና" ነው የሚለው። በአስራ አንድ መስመር ውስጥ ስድስት ጊዜ "ቶሎ ና"፤ በቀረው ቦታ ደግሞ ጋሼ ፋይዲሞስን ይሰድባል።

እኔ ግን እንዳትመጣ ነው የምልህ። ይህን ሁሉ ቦታ ያጠብኩት ምክንያቱን ለመጻፍ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ሚስትህስ? ያ "ዳቦ" ማለት ጀመረ ያልከኝ ልጅህስ ሌላ ቃል ጨመረ? እኛ ደህና ነን። አባዬን ቁጣ ጤና ሆኖታል፤ ከተናደደ ወዲህ ወገቡን አመመኝ ብሎ አያውቅም። አህያችን ሞታለች። እንደምታዝንላት አውቃለሁ፤ አንተን ከእኔ በላይ ትወድ ነበር፣ ማስረጃውም እግሬ ላይ አለ።

አሁን ያለሁት ከአምላካችን ከኔሜሲስ መቅደስ አጥር ጀርባ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የቀበሌያችን ሰዎች ተሰብስበዋል። ዘንድሮ አስራ ስምንት ዓመት የሞላን አራት ልጆች ነን። አንድ በአንድ እየጠሩ ይመረምሩናል፣ በጠጠር ድምፅ ይሰጡብናል፤ ካለፍን ስማችን በቀበሌው መዝገብ ገብቶ የአቴና ዜጋ እንሆናለን። እኔ አራተኛ ነኝ። እስኪደርሰኝ ደግሞ ረጅም ነው፤ ምክንያቱም የቀበሌው ሹም አያ ስትሮምቢኮስ እያንዳንዱን ጥያቄ ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን የወጣትነት ዘመን ያስታውሳሉ።

አጠገቤ ሉክዮስ ተቀምጦ በለስ ይበላል። ያለፈውን ደብዳቤህን ያመጣልኝ የጣሊያኑ ነጋዴ ነው። መርከቡ ወደቡ ላይ ነፋስ እየጠበቀች ነው፤ ቀትር ላይ ይዞራል ብሏል፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው። ቋንቋችንን ይናገራል፣ ፊደላችንን ግን አያነብም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። አንብበህ ስትጨርስ ምድጃ ውስጥ ጨምረው።

ሉክዮስ ስለ አንተ ሲያወራ መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቆይቶ ያናድደኛል። እስቲ አስበው። አንተ በአስራ ስምንት ዓመትህ በዚሁ አጥር ገብተህ፣ አንድ ሰው ሳይከራከርህ ተመዘገብክ። በአስራ ዘጠኝ ዓመትህ ጋሻ ተሰጥቶህ "የባሕሩን ዳር ጠብቅ" ተባልክ። ጠበቅክ። የባሕር ወንበዴዎች መጡና ጠባቂውን ይዘው ሄዱ። ዳሩ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ከዚያ ለሮማዊ ተሸጥክ። ስድስት ዓመት የኦፒዩስን የዘይት ማሰሮ ስትሸከም ኖርክና አንድ ቀን ዳኛ ፊት አቆመህ። አንዱ በቀጭን በትር ነካህ፣ ጌታህ እጅህን ይዞ አንዴ አዞረህና ለቀቀህ። በቃ። ባሪያ ሆነህ የገባህበትን በር የሮም ዜጋ ሆነህ ወጣህበት።

ይህን ነገር ማመን ስላቃተኝ ሉክዮስን ሦስት ቀን ሙሉ አደረቅሁት።

"እውነት በትር ብቻ?" አልኩት።

"በትር ብቻ።"

"እናቱ የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ የለም?"

"ለምን ይጠየቃል? ነጻ ያወጣነው እሱን ነው፣ እናቱን አይደለም።"

"አያቶቹ የት ተቀበሩ የሚልስ?"

"ልጄ" አለኝ በለሱን እየላጠ፣ "እኛ የምንፈልገው በሕይወት ያለ ሰው ነው።"

እዚህ ደግሞ የምነግርህን ስማ። የዛሬ አስራ ሁለት ቀን መጀመሪያ ስንጠራ ምንም አልፈራሁም ነበር። የሚጠየቀው ይታወቃል። አባትህ ማን ነው? የእናትህ አባት ማን ነው? የአባዬ የዲዮቲሞስ ስም መዝገብ ላይ አለ፤ አለቀ። የእናት ነገር ግን ሌላ ነው። በዚህ አገር የመቅደሱ ፍየሎች ሳይቀሩ ይመዘገባሉ፣ ሴት ግን አትመዘገብም። የዜጋ ልጅ መሆኗ የሚታወቀው ስትዳር ባሏ ለማኅበርተኞቹ ድግስ ስለሚደግስ ነው። የበላ ይመሰክራል። ስለዚህ የእኔ ዜግነት ያለው መዝገብ ውስጥ አይደለም፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት እማዬ ስትዳር በበሉት ሰዎች ሆድ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ከነሆዳቸው ተቀብረዋል። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አያ ፒስቲያስና አያ ሜኖን።

"ፒስቲያስ" አሉ አያ ስትሮምቢኮስ፣ "የዲዮቲሞስን የሠርግ ድግስ ታስታውሳለህ?"

"እንዴት ይረሳኛል። አሳማው አልበሰለም ነበር።"

"ስለ ሙሽራዋ ነው የጠየቅሁህ።"

"ሙሽራዋማ ተሸፍና ነበር፣ ምኑን አየሁት። አሳማው ግን አልተሸፈነም።"

"በስሎ ነበር" አሉ አያ ሜኖን ከኋላ። "ያኔም ጥርስ ያልነበረህ አንተ ነህ።"

"ጥርሴን ተወው። ጨጓራው ለማን ነበር የተሰጠው? ለአንተ። ለዚህ ነው በስሏል የምትለው።"

"ጨጓራ ለታላቅ ነው የሚሰጠው።"

"በሁለት ወር ነው የምትበልጠኝ።"

"በሁለት ወርም ቢሆን ታላቅ ታላቅ ነው።"

በዚህ ላይ ፀሐይዋ ግማሽ ሰማይ ሄደች። አንዱ ሽማግሌ ተነስቶ የጨጓራውን ነገር ለሚቀጥለው ስብሰባ እናሳድረው እስከማለት ደርሶ ነበር። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ዕጣ ፈንታዬ በአንድ ሠላሳ ዓመት በሞላው አሳማ ላይ ተንጠልጥሏል።

ያኔ ጋሼ ፋይዲሞስ ተነሳ። የአባዬ የአጎት ልጅ፣ ልጆች ሳለን የሸንበቆ ዋሽንት የሚሠራልን ፋይዲሞስ። (ጋሼ የምለው ከልማድ ነው። "ተነሱ" አልልለትም፤ ተነሳ።)

"እኔ አሳማው መብሰል አለመብሰሉን አልጠየቅሁም" አለ። "የበላችሁላት ሙሽራ የማን ልጅ ናት?"

ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። አንዱ ጫማውን አየ። አንዱ ሰማይ ላይ ደመና ፈለገ። አያ ሜኖንን ድንገት ሳል ያዛቸው።

"የኒኬራቶስ ልጅ ናት" አለ አባዬ፤ ድምፁ ወደቡ ድረስ ይሰማል። "ይህን ልጅ በአያቱ ስም ኒኬራቶስ ያልኩት ለምን ይመስልሃል?"

"ለዛሬ እንዲጠቅምህ ነዋ" አለ ጋሼ ፋይዲሞስ።

ጥሩ መልስ ነው። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እስቅ ነበር።

ለምን አሁን መጣበት ትለኝ ይሆናል። አንተ ስትመዘገብማ ጠጠሩን ከሁሉ ቀድሞ የጣለልህ እሱ ነበር። አሁን ግን አንተ የለህም። ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት አይዝም፤ እኔ ካልተመዘገብኩ አባዬ ሲሞት የወይራ ማሳችን ለቅርብ ዘመድ ያልፋል። ቅርብ ዘመድ ማን ነው? ዋሽንት ሠሪው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸኛው ሞኙንም አብሮ ሊቆርጥ ነው የመጣው።

አያ ስትሮምቢኮስ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡ። ወይም አንቀላፉ፤ ከሩቅ አይለይም። ከዚያ ሁለት መንገድ ሰጡን። ወይ እናቱ በድምፁ ቀን መጥታ በኔሜሲስ ፊት፣ በልጆቿ ራስ፣ የዜጋ ልጅ ነኝ ብላ ትማል። አለዚያ ነገሩ ለአንድ ዓመት ይቆይና ታላቅ ወንድሙ ሊኮን ይምጣ፤ ስሙ ከመዝገቡ ሲጠራ "አለሁ" ይበል። የአንድ እናት ልጆች ናቸውና የእሱ ዜግነት ለታናሹ ምስክር ይሆናል።

አባዬ አንተን መረጠ። "ሊኮን ይመጣል፣ በፋይዲሞስ ፊት ይቆማል፣ አለሁ ይላል" እያለ ቤት ውስጥ ይንጎራደዳል። "አንዲት ቃል ናት" ይላል።

የዚያች ቃል ዋጋ ስንት እንደሆነ የነገረኝ ሉክዮስ ነው። ነገሩን ስነግረው የያዘውን በለስ አስቀመጠ። ሉክዮስ በለስ ሲያስቀምጥ አይቼ አላውቅም።

"በእኛ ሕግ ሰው ሁለት ከተማ አይኖረውም" አለ። "ወንድምህ እዚህ ዜጋ ነኝ ብሎ የቆመ ቀን ሮም ላይ የለም።"

"ሚስቱና ልጁስ?"

"እነሱ ሮማውያን ናቸው። እሱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።"

ለአባዬ ነገርኩት። "ሮም ምን ታደርግለታለች? እሱ የራምኑስ ልጅ ነው" አለኝ። እንግዲህ ከእሱ ጋር ተከራከር።

የቀረው የእማዬ መሐላ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ይህን ቀላል መስሎኝ ነበር። ሱፍ እየባዘተች ሳለ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ "እማዬ፣ ሊኮንን ከሮም ድረስ ከማስመጣት አንቺ ብትምይ አይሻልም? መማል ብቻ እኮ ነው" አልኳት።

"በማን ራስ?" አለችኝ።

"በእኔና በሊኮን።"

እጇ ሱፉ ላይ ቆመ። ከዚያ፣ "ጉልበቴን ያመኛል፤ ያን ዳገት አልወጣም" አለች።

ወንድም ጋሼ፣ እማዬ በዚያው ዳገት በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ ተሸክማ ትወጣለች።

በመንገዱ ዳር፣ ከአያታችን ከኒኬራቶስ መቃብር ጎን ያለችውን ትንሽ ድንጋይ ታስታውሳታለህ? ስም የሌለባትን፣ መዶሻና መሮ ብቻ የተቀረጸባትን? እማዬ ለአያታችን ዘይት ስታፈስ ለእሷም ጠብ ታደርግላት ነበር። "ይሄ የማን ነው?" ስንላት፣ "የማንም" ትለን ነበር። በማግስቱ ሄጄ እዚያ ድንጋይ ፊት ቆምኩ። አያ ሜኖን ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡና አጠገቤ ቆሙ። ከእኔ ጋር አይደለም ያወሩት፤ ከፍየሎቹ ጋር ነው።

"ድንጋይ ጠራቢው ጥሩ ሰው ነበር" አሉ። "ከፓሮስ ደሴት ድረስ መጥቶ ነው የመቅደሱን ደረጃ የሠራልን። ከመወጣጫው ወድቆ ሲሞት ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። ኒኬራቶስ ልጅ አልነበረውም።"

"እና ሁላችሁም ታውቃላችሁ?" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"አያ ሜኖን።"

"እኔ የማውቀው አሳማው በስሎ እንደነበር ነው" አሉና ፍየሎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

አየህ የሚያቃጥለኝን ነገር? ሁሉም ያውቃሉ። አውቀው መጡ፣ አውቀው በሉ፣ አውቀው አንተን መዘገቡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እማዬን "ሚርቲስ፣ ውኃ አጠጪን" ሲሏት፣ "ሚርቲስ፣ ልጄ እርጉዝ ነችና እይልኝ" ሲሏት የዜጋ ልጅ ነበረች። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ በአደባባይ ሲጠይቅ ግን ሁሉም ሰማይ ላይ ደመና ይፈልጋል። አባዬ ደግሞ ውሸቱን ለረጅም ጊዜ ስለተናገረው አሁን እውነት ሆኖለታል፤ ስትጠይቀው ከልቡ ነው የሚቆጣው። አንተ ታላቅ ነህና ይህ ሁሉ ከእኔ በፊት ገብቶህ ይሆናል። ገብቶህ ከነበረ፣ ያኔ አለመናገርህን ወድጄልሃለሁ።

ስለዚህ አንተ ብትመጣስ? ጋሼ ፋይዲሞስ፣ "መልካም፣ እንግዲያው እናታቸው ለሁለቱም ትማል" ይላል። አንተ ሮምን አጥተህ ራምኑስንም ታጣለህ። አጠገቤ በረንዳው ላይ ትቀመጣለህ፤ እሱም ጠባብ ነው።

በረንዳ ያልኩህ ከሉክዮስ ጋር ስንከራከር የመጣ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ሮማውያንን "የባሪያ ልጆች" እያሉ ይስቁባቸዋል። የሉክዮስ አያት በእርግጥም ባሪያ ነበር፤ ራሱ ነው በለስ እያላመጠ የነገረኝ፣ እንደ ዋዛ። እዚህ የአንድን ሰው አያት ባሪያ ነበር ብትል ወይ አገር ጥሎ ይጠፋል ወይ አንተን ያጠፋሃል። ደግሞ የእነሱም ቤት ገነት እንዳልሆነ አልጠፋኝም፤ አንተው ጽፈህልኛል። በየጧቱ የድሮ ጌታህ ደጅ ቆመህ "እንደምን አደሩ" ትላለህ። ሹመት ለአንተ አይገባም፣ ለልጅ ልጅህ ምናልባት። በምርጫው ቀን ሀብታሞቹ ቀድመው ሰጡና አንተ ፀሐይ ላይ ቆመህ ውለህ ተራህ ሳይደርስ "አልቋል፣ ወደየቤታችሁ" አሏችሁ። እዚህ ግን አያ ፒስቲያስ፣ ጫማ የሌላቸው፣ ከአሳማ በቀር የሚያስታውሱት የሌለ፣ ዕጣ ከወጣላቸው አቴና ወርደው አገር በሚመራው ምክር ቤት ይቀመጣሉ። አንድ ዓመት ወጥቶላቸውም ነበር። አገሪቱ ተርፋለች።

"የእናንተ ቤት በሩ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ግን ደረጃ በደረጃ ነው" አልኩት ለሉክዮስ። "የእኛ ቤት ውስጡ ሜዳ ነው፣ በሩ ግን የአይጥ ቀዳዳ ነው።"

"አንተስ የት ነህ?" አለኝ።

"በረንዳው ላይ።"

እንቢ ብዬ አቴና ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት እችላለሁ። ይግባኝ ብሎ የተሸነፈ ሰው ግን ይሸጣል፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ይህን ሳሰላስል አንድ ብልሃት ታየኝ። ይግባኝ ልበል፣ ልሸነፍ፣ ገበያ ላይ ልቁም፣ ሉክዮስ ይግዛኝ፣ በበትር ያስነካኝ፣ ዜጋ ልሁን። ከራምኑስ ወደ ዜግነት የሚወስደው አቋራጭ በባሪያ ገበያ በኩል ነው ማለት ነው። ለሉክዮስ ስነግረው፣ "እስቲ ጥርስህን አሳየኝ" አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ለግማሽ በለስ ያህል ጊዜ ከልቤ አስቤበት ነበር። ከዚያ ሳቄ ቆመ፤ ፍርድ ቤት ብሄድ የምትመረመረው እኔ ሳልሆን እማዬ ናት። የውጭ አገር ሴት ሆና ከዜጋ ጋር በሚስትነት ኖረች ከተባለ እሷም ትሸጣለች። እሷን በዚህ ዕድሜዋ የሚገዛት ሰው በትሩን የሚያነሳው ነጻ ሊያወጣት አይሆንም።

ጋሼ ፋይዲሞስም ይህን ያውቃል። ከትናንት በስቲያ ወይራ ሥር አገኘኝ።

"ልጄ" አለኝ፣ "እኔ ከእናትህ ጋር ጠብ የለኝም።"

"እናቴም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።"

"አታላግጥ። ስምህን ራስህ ከምርመራው ካወጣህ ማንም አይጠይቃትም። እኔም አፌን እዘጋለሁ። ማሳውን ደግሞ አባትህ እስካለ ድረስ እሱ ያርሰዋል፤ እኔ አልቸኩልም።"

"ዋሽንት ትሠራልኛለህ?" አልኩት።

አልገባውም። ወይም ገብቶታል፤ ፊቱን አዞረ።

እና ወስኛለሁ። ተራዬ ሲደርስ ገብቼ "ለምርመራ አልቀርብም" እላለሁ። ራሱን ከምርመራው ያወጣን ልጅ እናት የሚያስምል የለም። ከዚያ በተወለድኩበት ቤት የውጭ አገር ሰው ሆኜ እመዘገባለሁ፤ ዋስ ያስፈልጋል ሲባል አያ ሜኖን "እኔ እሆነዋለሁ" ብለዋል፣ ለፍየሎቹ። በዚያኛው መዝገብ ቢያንስ የሚከራከረኝ አይኖርም። አባዬ ይጮኻል። ይጩህ። አለመምጣትህን ግን በእኔ እንጂ በአንተ እንዳያላክክ እነግረዋለሁ፤ ደብዳቤውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አደራህን፣ ለእኔ አታስብ። ጧት ጧት ወደቡ ላይ የምወርደው ዓሣ ለማየት ነው። የጣሊያን ሸራ ከሩቅ ሳይ እየሮጥኩ የምሄደውም የሉክዮስን በለስ ስለምወድ ነው እንጂ ሌላ ሰው ይወርዳል ብዬ አይደለም። ፊትህን ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል። ግራ ቅንድብህ ላይ ጠባሳ ነበረ አይደል? ግራ ነው መሰለኝ። ስትጽፍልኝ ንገረኝ።

ነፋስ በጀርባህ፣ ዳቦ በቤትህ፣ በድሮ ጌታህ ደጅ ላይ ደግሞ መቀመጫ አይጥፋብህ። ልጅህ "እናትህ የማን ልጅ ናት" የሚል ሽማግሌ ሳያጋጥመው ይደግ። ሚስትህን በእኔ ስም ሳማት፤ ሁለቱንም ጉንጯን፣ እዚህ እንደምናደርገው።

ታናሽ ወንድምህ፣
ኒኬራቶስ የዲዮቲሞስ ልጅ፣ የራምኑስ ሰው
(ይህቺን "የራምኑስ ሰው" የምትለዋን ከእንግዲህ አታገኛትም፤ በደንብ አድርጌ የጻፍኳት ለዚህ ነው።)

ቆይ። ገና አላተምኩትም። የሦስተኛው ልጅ ጠጠር እየተቆጠረ ነው። ሉክዮስ ነፋሱ ዞሯል ብሎ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ዳገቱ ላይ ግን አንዲት ሴት እየወጣች ነው። ነጭ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፣ ብቻዋን ናት፣ አትቸኩልም። እማዬ ናት።

ልትምል ከሆነ የምትመጣው፣ በእኔና በአንተ ራስ በሐሰት ልትምል ነው። እውነቱን ልትናገር ከሆነ ደግሞ ራሷን ልትሸጥ ነው። የትኛው እንደሆነ ከፊቷ አይታወቅም፤ ወደ መቅደሱ በር ሃምሳ እርምጃ ቀርቷታል። በአጥሩ ዘልዬ ብገባ ከእሷ በፊት አያ ስትሮምቢኮስ ፊት እደርሳለሁ። ይህችን ቃል ጽፌ እዘላለሁ

አየችኝ። "ኒኬራቶስ" አለች። "ኒኬራቶስ፣ ልጄ፣ እዚያው ቁም።"